ስክሪፕቱ የማን ነው? ደራሲ ከመቅጠራችን በፊት ልንጽፈው የሚገባ ውል

  



የጀመዓችን የሚዲያና ኪነ ጥበብ ክፍል ለዘንድሮው የተመራቂዎች ፕሮግራም አጭር ፊልም ለማዘጋጀት ደራሲ እያፈላለገ ነው። በሹራው ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደው ጥያቄ “ስንት እንክፈለው?” የሚል ነበር። እኛ ደግሞ ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም አልን፤ ተጽፎ ሲያልቅ ስክሪፕቱ የማን ነው? ይህን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን እናቷ በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሳለፉትን ሕይወት አጫወተችን። እናትየውም “ስሜ አይነሳ እንጂ ለሌሎች ትምህርት ከሆነ ይሁን” ብለው ፈቀዱ። ከግቢ ውጭ ያለ አንድ ደራሲ አገኘን፤ ታሪኩን እህታችን ራሷ ቁጭ ብላ ነገረችው። ቀብዱን በእጅ፣ ቀሪውን በቴሌብር ከፈልነው። ድራማው መድረክ ላይ ቀረበ፣ ተወደደ፣ ተረሳ። በዓመቱ ያው ታሪክ ፊልም ሆኖ ዩቲዩብ ላይ አየነው። ያው ቤት፣ ያው ደብዳቤ፣ እናትየው ኤርፖርት ላይ የተናገሯት ቃል ሳትቀር አለች። መጨረሻው ግን ተለውጧል፤ ሴትዮዋ ልጇን የካደች እናት ሆናለች። እህታችን ለወራት ከፕሮግራማችን ራቀች።

ደራሲውን ስንጠይቀው “ሐሳቡ የእናንተ ነው፤ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው። እናንተ የከፈላችሁኝ ለአንድ ቀን ድራማ ነው” አለን። እኛ ደግሞ ገንዘቡን ስንከፍል ሁሉንም የገዛን መስሎን ነበር። ማን ምን እንደተስማማ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት በመካከላችን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አዋጁን አነበብን፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅን፣ ኡስታዞቻችንንም አማከርን። ያገኘነውን ለእናንተ እናካፍላለን። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ ጠበቆች አይደለንምና ከፍ ያለ ገንዘብ ያለበት ሥራ ሲገጥማችሁ የሕግ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችንና መምህራንን ሳታማክሩ አትፈርሙ።

ሐሳብና ጽሑፍ ለየቅል ናቸው

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ለሆነና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ ግዙፍ መልክ ለተቀመጠ ሥራ ነው። ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም። “ከዐረብ አገር የተመለሰች እናት ከልጇ ጋር እንደ እንግዳ ስትተያይ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ” ብሎ መናገር ሐሳብ ነው፤ ማንም ሊሠራበት ይችላል። ያንን በትዕይንትና በንግግር አድርጎ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ግን ሥራ አመንጪ ይባላል፤ መብቱም ከጻፈበት ቅጽበት ይጀምራል፣ ምዝገባም ሆነ ሌላ ሥርዓት አይጠይቅም።

የእኛ ጥፋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እህታችን ታሪኩን በቃል ነገረችው እንጂ አልጻፈችውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ሁሉ በእሱ እጅ የተጻፈ ሆነ። ቀድማ አምስትና ስድስት ገጽ አድርጋ፣ ቀን ጽፋና ፈርማ ቢሆን ኖሮ የዚያ ጽሑፍ ሥራ አመንጪ እሷ ትሆን ነበር። ደራሲው የሚሠራው ደግሞ ከእሷ ሥራ የተወሰደ፣ ወደ ስክሪፕት የተለወጠ ሥራ ይሆናል። አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የባለቤቱ ስለሆነ ያለ እሷ ፈቃድ ፊልም ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ ደራሲ ከመፈለጋችሁ በፊት ታሪኩን ራሳችሁ ጻፉት። አጻጻፉ ባያምር ግድ የለም፤ አዋጁ የሥራውን ጥራት አይመዝንም። ገጸ ባሕርያቱን፣ የታሪኩን ቅደም ተከተል፣ አጀማመሩንና አጨራረሱን፣ እንዲቀሩላችሁ የምትፈልጓቸውን ንግግሮች አስፍሩ። ለደራሲው ስትሰጡት አንዱን ቅጂ አስፈርማችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ።

የከፈለ ሁሉ ባለቤት ነው?

አዋጁ ሁለት ዓይነት መብቶችን ይለያል። የመጀመሪያው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ፣ ማሰራጨት፣ በመድረክ ማሳየትና ለሕዝብ ማቅረብ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ ሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት ወይም እንዳይጠቀስ የመወሰን፣ ክብሩን በሚነካ መልክ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው። የኢኮኖሚ መብት ይሸጣል፣ ይከራያል። የሞራል መብት ግን ደራሲው በሕይወት እያለ ለገዢ የሚተላለፍ አይደለም። ስክሪፕቱን ሙሉ በሙሉ ብንገዛውም እንኳ “ጽሑፍ፦ እከሌ” የሚለውን አጥፍተን የራሳችንን ስም ልንጽፍበት አንችልም።

ታዲያ የኢኮኖሚ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ማን ነው? በመርሁ የጻፈው ሰው ነው። ሆኖም በሥራ ቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሲሆን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው እንደሆነ አዋጁ ይደነግጋል። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ደስ አለን፤ “ለካ የእኛ ነበር!” አልን። ነገር ግን ድንጋጌው የሚጠቅመው ማዘዛችንን ማስረዳት ስንችል ነው። በእጃችን ያለው ምክንያቱ ያልተጻፈበት የቴሌብር መልእክት ብቻ ነበር። ያ ገንዘብ ለሙሉ መብት፣ ለአንድ ቀን ትርኢት ወይስ ለትራንስፖርት መከፈሉን ምንም አይናገርም።

እዚህ ላይ ከኢንተርኔት የውል ናሙና አውርዶ መፈረም አደጋ እንዳለው እንጠቁም። ብዙዎቹ ናሙናዎች የአሜሪካ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ደራሲ በትእዛዝ የጻፈው ፊልም የአዛዡ ሥራ ተደርጎ የሚቆጠረው ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ተስማምተው ሲፈርሙ ነው፤ ያ ከሌለ ጽሑፉ የደራሲው ነው። መነሻው ከእኛ አዋጅ የተለየ ስለሆነ ቃላቱን ገልብጦ መፈረም እዚህ ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል።

መብቱ የሚቆይበት ዘመንም ቀላል አይደለም። የኢኮኖሚ መብት ሥራ አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይዘልቃል። ዛሬ በሻይ ቤት ወሬ የተውነው ነገር ነገ በልጆቻችንና በልጆቹ መካከል የውርስ ክርክር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

“በሙስሊሞች መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን አይሆንም ወይ?” ብለው የጠየቁን ወንድሞች አሉ። መልሱን በቂርአት ቤት ሁላችንም ቀርተነዋል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል በቀራህ 282፣ ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም አይደለም የሚናገረው፤ ዕዳን ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነትና ስለ ምስክሮች ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች፣ መጻፉም ጥርጣሬን እንደሚያርቅ ይነግረናል። የተነገረውም ለአማኞች ነው። መጻፍ አለመተማመን ቢሆን ኖሮ ለሰሓቦች ባልታዘዘ ነበር። አል ማኢዳህ የሚከፈተውም አማኞች ውላቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው።

ደራሲ መቅጠር በፊቅህ ከኢጃራ በር ይገባል። ፉቀሃዎቹ ለአንድ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራውን አጂር ኻስ፣ ለብዙዎች እየሠራ በሥራው የሚከፈለውን አጂር ሙሽተረክ ይሉታል። ውጭ ያለ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሥራውም ክፍያውም በግልጽ መታወቅ አለባቸው። “ጻፍልን፤ እስኪያምረን ድረስ ታስተካክላለህ፤ በኋላ እንተሳሰባለን” ማለት ገረርና ጀሃላ ያለበት ስምምነት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክል ያልታወቀ ሠራተኛ ደመወዙን አያውቅም።

የድርሰት መብት ራሱስ በሸሪዓ የታወቀ ነው? መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ሊገለገሉባቸው እንደሚችሉና ድንበር ማለፍ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ የሰው ስክሪፕት ያለ ፈቃድ መውሰድ የሰው ሐቅ መውሰድ ነው። ይህ ለደራሲውም ለእኛም ይሠራል። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት ጀመዓንም ይጨምራል፤ “ለዳዕዋ ነው” እያልን ደራሲን ማመላለስ አይፈቀድልንም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

አንደኛ፦ ተዋዋዮቹ። ጀመዓ በሕግ የተመዘገበ አካል ካልሆነ በስሙ የተጻፈ መብት የማን እንደሆነ ያከራክራል። አሚሩ ይመረቃል፣ ስልኩ ይቀየራል። ስለዚህ የሚፈርመው የተመዘገበ ድርጅት ወይም በስሙ የታወቀ ሰው ይሁን። ሰው ከሆነ መብቱን ለጀመዓው በአማና እንደያዘ የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ይፈርም፤ የሹራውም ቃለ ጉባኤ ይያያዝ።

ሁለተኛ፦ ሥራው። የስንት ደቂቃ ፊልም፣ በምን ቋንቋ፣ ሲኖፕሲሱ መቼ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ መቼ፣ የመጨረሻው መቼ እንደሚቀርብ። ማስተካከያው ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በተጨማሪ ክፍያ።

ሦስተኛ፦ ክፍያው። ቀብዱ፣ ረቂቁ ሲደርስ የሚከፈለው፣ በመጨረሻ የሚከፈለው እያንዳንዱ በአሃዝና በፊደል ይጻፍ። በቴሌብርም በባንክም ስትከፍሉ ምክንያቱ ላይ “ለስክሪፕት፣ 2ኛ ክፍያ” ብላችሁ ሙሉ።

አራተኛ፦ መብቱ። የውሉ ልብ ይህ ነው። “ስክሪፕቱ የእኛ ነው” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። የሚተላለፉትን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ “ደራሲው በዚህ ውል መሠረት የሚጽፈውን ስክሪፕት፣ ረቂቆቹን ጨምሮ፣ የማባዛት፣ የመተርጎም፣ ወደ ፊልም፣ መድረክና ሬዲዮ የመለወጥ፣ የማሰራጨትና በኢንተርኔት ለሕዝብ የማቅረብ መብቶችን፣ ሙሉ ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ለአሠሪው አስተላልፏል።” የመብቱን ዘመንም ጻፉ። መብቱ ከሙሉ ክፍያ ጋር መያያዙ ሁለቱንም ይጠብቃል፤ ያልከፈለ አይወስድም፣ የተከፈለው አይክድም።

ሁሉንም መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ የመጠቀም ፈቃድ ይበቃናል፤ ዋጋውም ያንሳል፣ ደራሲውም ሥራውን አያጣም። የሌላ ሰው የግል ታሪክ ያለበት ከሆነ ግን ሙሉ መብቱን መያዝ ይሻላል።

አምስተኛ፦ ስምና ክብር። የደራሲው ስም የት እንደሚጻፍ፣ የታሪኩ ባለቤት ስሟ እንዲጠቀስ ወይም እንዲቀር መፈለጓ ይገለጽ።

ስድስተኛ፦ ምስጢር። ሕጉ ሐሳብን ካልጠበቀ እኛ በውል እንጠብቀው፦ “ደራሲው ለዚህ ሥራ የተነገረውን ታሪክ፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ ያለ ታሪኩ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ሥራ አይጠቀምበትም፤ ለሦስተኛ ወገንም አይሰጥም።” ይህ አንቀጽ ታሪኩ ከመነገሩ በፊት ይፈረም። ከተነገረ በኋላ መፈረም ለሚፈልግ ደራሲ ቀላል፣ ለማይፈልግ ደግሞ የማይቻል ነው።

ሰባተኛ፦ ወጥነት። ደራሲው ጽሑፉን ከሌላ እንዳልወሰደ ያረጋግጥ። የሌላ ሰው ነሺዳ ወይም ግጥም ካስገባ ፈቃዱን ማን እንደሚያመጣ ይጻፍ።

ስምንተኛ፦ ሥራው ከተቋረጠ። ደራሲው ቢተወው ወይም እኛ ብንተወው፣ እስከዚያ የተጻፈው የማን ነው? ስንት ይከፈላል? ሌላ ደራሲ ሊቀጥለው ይችላል? ጠብ በብዛት የሚነሳው እዚህ ስለሆነ ሰላም ሳለ ይወሰን።

መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። የዕዳው አንቀጽ ስለ ምስክር ያስተማረንን ስናስታውስ ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

ማስረጃን ማኖር

እኛ የዲዛይን ሥዕል ስንሠራ በየማሻሻያው ቁጥርና ቀን እንጽፋለን። ለስክሪፕትም ያው ነው። እያንዳንዱን ረቂቅ በቀኑ ሰይሙት፣ የድሮውን አታጥፉ፣ በኢሜይል ተላላኩ። ቴሌግራም ላይ የተስማማችሁትን ነገር በኢሜይል ደግማችሁ “በተነጋገርነው መሠረት” ብላችሁ ላኩ። የሚጠፋ መልእክት ማስረጃ አይሆንም።

ስክሪፕቱ ሲጠናቀቅ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል። ቀደም ብለን እንዳልነው መብቱን የሚፈጥረው ምዝገባው አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ያ ጽሑፍ በእጃችሁ እንደነበር የሚያስረዳ ጠንካራ ወረቀት ይሆናችኋል።

በነፃ ለሚጽፉ ወንድሞችና እህቶች

አብዛኛው የጀመዓችን ጽሑፍ የሚጻፈው በነፃ፣ ለአጅር ነው። አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን በነፃ መጻፍ መብትን መስጠት አይደለም። ቅጥርም ክፍያም ከሌለ ጽሑፉ የጻፈው ሰው መሆኑን አስቡ። ጀመዓው ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያሳትመው ወይም ሊቀርጸው ቢፈልግ ያን ተመራቂ ፈልጎ ማስፈቀድ አለበት። ስለዚህ በሦስት መስመር ጻፉት፤ ለምን ሥራ ሰጣችሁ፣ እስከ መቼ፣ ስማችሁስ እንዴት ይጠቀስ። እናንተ ደራሲዎችም ነገ ተቀጣሪ ስትሆኑ ያልተረዳችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእናንተም ጭምር ነው።

ጠብ ከተነሳ

መጀመሪያ ሱልሕ ይሞከር። ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሽማግሌ ወይም ኡስታዝ ይሰየም፤ የተስማሙበትም ይጻፍ። በእኛ ጉዳይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ደራሲው ታሪኩን ዳግመኛ ላይጠቀምበት በኡስታዛችን ፊት ፈረመ፤ እህታችንንም ይቅርታ ጠየቀ። እኛም ዝርክርክ አሠራራችን ድርሻ እንደነበረው አምነን ይቅርታ ጠየቅናት። ፊልሙን የሠራው ግን ሌላ ሰው ስለሆነና ከእሱ ጋር የሚያገናኘን ምንም ወረቀት ስለሌለን ፊልሙ እስካሁን እዚያው አለ። ሱልሕ ያልተጻፈውን ሁሉ አይመልስም።

እህታችን ዘንድሮ ወደ ሹራው ተመልሳለች። የአዲሱን ውል ረቂቅ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። አንድ ነገር ይጨመር አለች፤ ከሰው ሕይወት የተወሰደ ታሪክ መጨረሻው ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይለወጥ። ዘጠነኛው አንቀጽ አድርገን ጨምረነዋል። ረቂቁን ለሥራቸው የሚፈልጉ ሁሉ ከሚዲያና ኪነ ጥበብ ክፍሉ ሊወስዱት ይችላሉ።

አላህ በቃላችን የምንገኝ፣ አማናን የምንጠብቅ ያድርገን። ያበራነው ካለ ከአላህ ነው፤ የሳትነው ካለ ከራሳችን ነው። ወላሁ አዕለም።